ፈረሱም ይኸው

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከበሬሳ ወዲያ፣
ውርጭ ጨው ነስንሶ በገብሱ ቃርሚያ፣
ቆሜአለሁ ከፊቱ፣ ከፈረስ ከንፈር ሥር፣
ትንፋሹ ሲጨስ፣ ጉልበቴ ሲሸበር።

አርባ ስድስት ዓመቴ፤ ሒሳብ ሹም ነኝ እኔ፤
ከፋብሪካው መዝገብ የማይነሣ ዓይኔ።

ይመኙሻል ትባላለች የምታስተምረኝ፤
የጋሪ ነጂ ልጅ፤ በልጄ ዕድሜ ሆና እንደ እናት የምትቆጣኝ።
"አይቸኩል ነው ስሙ፣" አለች፣ "አትፍሪው፤
አባቴ ነው ያወጣለት፣ ጠባዩን ዐይቶ ነው።"

ኮርቻው የአያቷ፣ ጠርዙ የተበላ፣
እርካቡ ቀለበት፣ ለአውራ ጣት እንጂ የማይሆን ለሌላ።
"ጫማሽን አውልቂ፣ ካልሲሽንም ጭምር።"
በዚያ ብርድ!
ጣቴ ብረቱን ሲነካ ልቤ አለች ድንብር።

"ለምን አሁን?" ይሉኛል። ለጥምቀት ነው? ለሠርግ?
መልሱን ባውቀውማ በነገርኳቸው በወግ።
አንድ ቀን ነው እንጂ፣ ደረሰኝ ስደምር፣
በመስኮት ያየሁት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
አንድ ሽማግሌ በፈረስ ሲያልፉ፣
በባጃጅ መሃል፣ በመኪና ጡሩምባ፣ ቀስ ብለው ሲንሳፈፉ፤
እጃቸው ልጓሙ ላይ የተኛ፣ ዓይናቸው ሩቅ፣
እሳቸው ሳይጨነቁ፣ ፈረሱም ሳይጨነቅ።
እኔም አራት እግር ያለው ወንበር አለኝ፤
ሃያ ዓመት ጋለብኩት፣ የትም አላደረሰኝ።

"በይ እንግዲህ!" አሉ ከመጋዘኑ አቶ ጽጌማርያም፣
"ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሰበብ የለሽም።"
ተረቱ ቀላል ነው፤ ከምላስ ላይ ማንም አይወድቅ፤
ሜዳው ግን፣ ከላይ ሲያዩት፣ ወደ ታች እንዴት ይርቅ!
ከመሬት ያለኝ ከፍታ፣ በሜትር ቢለካ፣
አንድ ተኩል ቢሆን ነው፤ ልቤ ጣርማበር ጫፍ ላይ ወጥታለች ለካ።

"ጋማውን ልቀቂ!"
"አልለቅም!"
"ልቀቂው!
ልጓሙን ላላ አርጊ፣ አፉን አታሳምሚው።
ትንፋሽሽን አውጪው፣ ሆዱ ይሰማዋል፤
አንቺ ስትፈሪ እሱ ጅብ መጣ ይላል።"

ሁለት ቅዳሜ ዞርን፣ እሷ ገመድ ይዛ፣
እኔ እንደ ጆንያ ገብስ፣ ነፍሴ ግን ደንግዛ።
ተማሪዎች ከመንገድ ቆመው አዩኝና
"እትዬ፣ ያዙት! ያዙት!" አሉኝ በልመና፤
ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ጋማውን እንደያዝኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ነፋሱ ሲጠና፣
ከባሕር ዛፉ ሥር ጥቁር ፌስታል ተነሣና
እሾህ ላይ ተሰቅሎ፣ ተነፍቶ፣ ተርገፈገፈ።
አይቸኩል ቆመ። ጆሮው ቀጥ አለ።
መንቀጥቀጡ ከጎኑ ወደ ጭኔ አለፈ።

ያ ሰፊ ደረት፣ ያ አንገት፣ ያ ኮቴ፣
የሱቅ ፌስታል ፈራ! ተመልከቱ በሞቴ።
ማን እንደሆነ እንጃ ያን ጊዜ የተናገረው፤
ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ "አይዞህ፣ ፌስታል እኮ ነው።
እኔም እፈራለሁ፣ ስልክ ሌሊት ሲጮህ፣ ሐኪም ስሜን ሲጠራ፤
በል ቀስ እያልን እንለፍ፣ እንደፈራን፣ በጋራ።"

እጄ አንገቱን ሲያሻሽ አየሁት። ጋማውን
መቼ እንደለቀቀው አላውቅም ሰዓቱን።
አንድ ጆሮው ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ ፌስታሉ፣
አለፍነው። አለፍነው፣ እንዲያው እንደ ቀላሉ።

ከዚያ ሶምሶማ ወጣ፤ እኔ አላዘዝኩትም።
ቆጠርኩ፣ ልማዴ ነው፤ እስከ አርባ አንድ እርምጃ ከላዩ አልወረድኩም።
በአርባ ሁለተኛው ነው፣ እውነቱ ይነገር፣
ቃርሚያው ላይ ዝርፍጥ ያልኩት፣ ከነሙሉ ክብር።
ይመኙሻል ሮጣ መጣች፤ እኔን ልታነሣ መስሎኝ፤
እሱን ዳብሳ፣ "ደህና ነው፣" ብላ አጽናናችኝ።

ሰኞ ቢሮ ነኝ። ማኅተም፣ ደረሰኝ፣ ድምር።
አቶ ጽጌማርያም ብቅ አሉ በበር፤
"እህሳ፣ ጋላቢዋ?" "ደህና ነው፣" አልኳቸው።
ማን እንደሆነ ደህናው አልገባቸው።
ጠረጴዛው ሥር፣ በድብቅ፣ አውራ ጣቴን አጠፍኩት፤
እርካቡ እዚያ ነበር። በቀስታ ረገጥኩት።