ቀለብ

ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፣ አራት መስመር የያዘች፣
«ምን ሁኔታ ተለወጠ? ባጭሩ ይግለጹ» ያለች።
ብዕሬን ነክሼ ቆየሁ።
«ሄደች» ብዬ ጻፍሁ።
ሰረዝሁት። «ሄዱ» አልሁ።
እሱንም ሰረዝሁ።
ጸሐፊዋ ከመስኮቱ ማዶ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ፣
«ቦታውን፣ ቀኑን፣ ርቀቱን በማይል» አለችኝ ረጋ ብላ።

ቱሳን፣ አሪዞና። ከነሐሴ ወዲህ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ማይል።
እጄ አልተንቀጠቀጠም ስጽፈው፤ ቁጥር ምን ያደርጋል?

ካሪን አልሸሸችም፤ መዋሸት አልፈልግም።
ሆስፒታሉ ጠራት፤ ደሞዙ ይሻላል፣ ብርዱ አይናከስም።
ጥር ላይ ደጃፍን በአካፋ ቆፍሮ መውጣት ማን ይወዳል?
እናቷም እዚያ ናት፣ ጉልበቷ ደክሟል።
እኔ ግን ማሞቂያ ጠጋኝ ነኝ፤ እንጀራዬ ብርድ ነው፤
ሙቀት አገር ሄጄ የማንን ቤት ልጠግነው?

ድሮ (ያለፈው ዓመት ነው ድሮ የምለው)
ረቡዕ ረቡዕ ራት፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣
ሊኒያ ስትወረውር፣ ኳሷን በጓንቴ የምቀልብ
አባት ነበርሁ። ዛሬ በወር አንድ ጊዜ ቀለብ
ቆራጭ ነኝ። ባንኩ ይቀልባል።
ጓንቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤
መዳፉ ኳሷን እንደጠበቀ ጎድጉዷል።

ዳኛ ኦስትሩም ደግ ሰው ናቸው፤ ጊዜያቸው ግን ሃያ ደቂቃ፤
ካሪን በስክሪን ቀረበች፣ የጥቅምት ፀሐይ ከኋላዋ ደምቃ።
«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የነበረው ይቀነስ፤
መቶ አርባው ለትኬት ይዋል፣ ልጅቱ ዱሉት እስክትደርስ።
ገና አንዱን ዓመት ከአባት፣ አንዱን ዓመት ከእናት፤
ከረጅሙ የትምህርት ዕረፍት፣ ከአባት ጋር ስድስት ሳምንት፤
እሑድ ማታ፣ ልጅቱ ባለችበት አቆጣጠር ልክ በአንድ ሰዓት፣
የምስል ጥሪ፣ ለሠላሳ ደቂቃ።» መዶሻም አልመቱበት።

ስለ ቀለብ የፈረዱት ልክ ነው፤ ሒሳቡን ሁለቴ ደመርሁት።
ስለ ቀልብ አንቀጽ አልነበረም፤ ገጹን ገልብጬ ፈለግሁት።

ገና ላይ መጣች፣ አንገቷ ላይ መለያ ካርድ አንጠልጥላ፤
እንደ ፖስታ ጥቅል ፈርሜ ተረከብኋት፣ «መታወቂያ?» ከተባልሁ በኋላ።
ሁለት ጣት አድጋለች። የበሩ እንጨት ላይ በእርሳስ ያሰመርሁት ቁመት
አራት ወር ዘሎ ተሰመረ፤ መሃሉ ላይ የለም ቀን፣ የለም ወራት።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም፤ ዳኛውም፣ ጠበቃዋም፣ እኔም፦
አሪዞና ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም።
መጋቢት ሲገባ እኛ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋን፤
እነሱ ባሉበት ቆሙ፤
ሳንጣላ፣ ሳንነጋገር፣ በአንዲት ሌሊት ዳግመኛ ተራራቅን።

እኔ እንደ ልማዴ በሁለት ሰዓት፣ ሸሚዝ ለውጬ ደወልሁ።
ጠራ። ጠራ። የቀዘቀዘ ሾርባ ቆሜ በላሁ።
መልሼ ደወልሁ።
ለጠበቃ የሚሆን ስንት እንደቀረኝ በጣቴ ቆጠርሁ።
«ትዕዛዝ ስለ መጣስ» የሚል ቅጽ ነበረኝ፤ ከመሳቢያው አወጣሁ፤
ስሟን መጻፍ ጀመርሁ።
ካ፣ ሪ፣
ሦስተኛው ፊደል ላይ ሳለሁ ስልኩ በራ።

ሊኒያ ናት፣ ፀጉሯ እርጥብ፣ ከመዋኛ መጥታ፣
«አባዬ፣ እዚህ እኮ አንድ ሰዓት ገና አሁን ሆነ!» አለች ድዷን አሳይታ።
ቅጹን በክርኔ ሸፈንሁት።
የፊት ጥርሷ የለም። «መቼ ነው?» አልሁ፣ ድምፄን እንደ ምንም ይዤው።
«ረቡዕ፣ ራት ላይ።»
ረቡዕ ነው።

«እዚህ ትራስ ስር ያደረ ጥርስ ሁለት ዶላር ነው፤ አንተ ጋ ስንት ነው?»
ውሳኔውን በልቤ ገለጥሁ፤ ስለ ጥርስ የተባለ የለም።
«ሦስት» አልኋት።
ዝም ብላ አሰበች፣ ክፍተቱን በምላሷ እየነካች።
«እንግዲያው እስከ ሰኔ አቆየዋለሁ» አለች።