ጥጥ

በየሦስት ወሩ በማለዳ መኪና
«ክር ልገዛ» ብዬ ከደብረ ሲና
ደብረ ብርሃን ድረስ ዳገት እወጣለሁ።
ክሩንም አልረሳም፤
ሁለት ጥቅል ነጭ፣ አንድ ጥቅል ጥቁር፤
ውሸቴን በክር ነው የምዘመዝመው
እንዳይተረተር።

እዚህ ሆስፒታል ጠፍቶ አይደለም።
ግን ካርድ ክፍል ያለችው የልብሴ ደንበኛ፣
ቀሚሷን ሁለቴ ያጠበብኩላት፤
ጎረቤቴ ደግሞ የበሩ ዘበኛ፤
ወረፋው ላይ ያለው ሁሉ «ደኅና አደርሽ» ባይ፣
ቀጥሎም «ምነው? ምን ሆንሽ?» ባይ።
ስልሳ ኪሎ ሜትር የምሸሸው
ከዚህች «ምን ሆንሽ?» ነው።

ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኳኳ
ቆሎ ይመስላል።
አንድ ቀን የእህቴ ልጅ፣ ትንሹ ማሙሸት፣
«አክስቴ፣ ቆሎ ይዘሻል?» ብሎ እጁን ዘረጋ።
የቆሎ ሻጭ ልጅ ጆሮው አይስትም፤
ያን ቀን ግን ሳተ።
ከዚያ ወዲህ ጥጥ እጠቀጥቃለሁ
እስከ አፉ ድረስ፣
ክኒኑ እንዳይናገር።

ማታ ሦስት ሰዓት ስልኬ ሲጮኽ
«ጸሎቴ ደረሰ» ብዬ ጓዳ እገባለሁ።
ጥሩአየር ታዲያ ለመንደሩ ሁሉ
«እህቴን እዩልኝ፣ አንድ ቀን አታጎድል!»
ትላለች በኩራት።
እውነቷን ነው።
አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»
ይላል ያገሬ ሰው፤
ተረቱ እኔን አያውቀኝም።
መድኃኒቱስ አለኝ፤
እኔ የደበቅሁት መድኃኒቱን ነው።

ነርሷ ዛሬ ወረቀቱን ገልጣ
«በደምሽ ውስጥ አይታይም» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።
«ለምትወጃቸው መንገር ያንቺ ፈንታ ነው፤
የሚያስገድድሽ የለም።»
የሚያስገድደኝ ቢኖርስ ምናለ?
በመንገድ ሁሉ ሳሰላስል መጣሁ፦
ለማይታይ ነገር የምን መደበቅ ነው?

ጥሩአየርን ሳስብ ሁለት ነገር አልረሳም።
ልጅ ሳለሁ፣ ጎረቤታችን እታገኝ ስትታመም፣
የጠጣችበትን ጣሳ
በእንጨት አንጠልጥላ ከአጥር ውጭ ወረወረችው።
እታገኝ ስትሞት ደግሞ፣
ዘመድ ሁሉ ደጅ ቆሞ፣
ፌስታል በእጇ አጥልቃ
ገላዋን ያጠበች እሷው ናት፣ እያለቀሰች።
የምትሰማኝ የትኛዋ ናት?
ጣሳ የጣለችው?
ገላ ያጠበችው?

ጣርማ በር ጉም ለብሷል።
ዋሻው ሲውጠን ሾፌሩ መብራት አበራ፤
«ከዚህ ስወጣ እነግራታለሁ» ብዬ ማልኩ።
(የዛሬ ሦስት ወርም ምዬ ነበር። ከዚያም በፊት።)
ዋሻው አጭር ነው፤ መሐላዬም እንዲሁ።
ወዲያ ማዶ የጠበቀኝ ጉም ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ አፋፍ።
«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያለው ሰው
መቼስ የዚህ አገር ልጅ ነው፤
ድንጋይ ሲንከባለል ሰምቶ
ሥሩ ሲደርስ ያልሰማ።

ማታ።
ጥሩአየር የቀኗን ትቆጥራለች፤
የደሴው አውቶቡስ ሳይቆም አለፈ፣
ባለ ኮፍያው ተሳፋሪ
ቆሎውን በመስኮት ተቀብሎ ሳይከፍል ነጎደ፣
ገብሱ ዘንድሮ እሳት ሆኗል…
ስልኬ ጮኸ።
«ጸሎትሽ ደረሰ» አለችኝ።
«ደረሰ» አልኳት።
አልተነሳሁም።

ቦርሳዬን ከፈትሁ።
ጥጡን ሳብሁት፤ በረጅሙ ወጣ፣
የተተረተረ ዘምዘም ይመስል።
ማሙሸት ከመደቡ ቀና ብሎ
«ቆሎ ነው?» አለ፣ እንቅልፍ ባፈነው ድምፅ።
«አይደለም፣ ማሙሽ።»
ጥሩአየር ዝም አለች።
የመስፈሪያው ስኒ በእጇ፣ ግማሽ እንደ ሞላ፣
አየር ላይ ቀረ።

ብልቃጡን አነሳሁና ነቀነቅኩት።
«እታለም» አልኳት፣
«ስሚው።»