ሰባት ኪሎ ሩዝ

ጣና ገበያ ነው፣ ሰኞ ከረፋዱ፣
ሦስት ማዘያ ሰቅላለች ዘሀራ፣ ከሱቋ ግድግዳ ከአንዱ።
«ለስንት ወሯ ነው?» አለች፣ ሜትሩ ካንገቷ ተንጠልጥሎ፤
«ስድስት አልፏታል» አልኩ፤ «ክብደቷ ይሆናል ሰባት ኪሎ።
ስሟ አትጠገብ ነው።»
ሳቀች። «እስቲ እንመዝነው»—
የፎገራ ሩዝ ዛቀች፣ ልክ ሰባት ቆጥራ፣
በፌስታል አሰረችው፤ «ይኸው ልጅህ» አለች፣ ከደረቴ አዙራ።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ሐይቁ የቀደደውን፣
ጉማሬ የረገጠውን፣
ከግንድ ተላትሞ ሆዱ የተዘረገፈውን፣
ዓይን ባይን እየለቀምኩ፣ ቋጥሬ የምመልስ።
ማስተዋል ሌት ትሠራለች፣ ሆስፒታል፤ ነግቶ እሷ ስትመለስ
እንቅልፏ ነው የሚቀድም፤ ልጅቷ ከኔ ጋር ወደ ዳር።
በአንድ እጅ ክር አይሳብ፣ በአንድ እጅ ቋጠሮ አይታሰር፤
መረብ አይጠገን፣ ልጅ በብብት ተይዛ፤
እና ነው የመጣሁት፣ ሁለቱን እጄን ልገዛ።

ቀዩን ሞከርኩ፤ መቆለፊያው ከጀርባ፣ ከትከሻ መሐል፣
ሰው ካልጠሩ ከደጅ፣ በራስ እጅ የት ይደረሳል?
ሰማያዊው ይለሰልሳል፤ አቤት የኪሱ ብዛቱ!
ግን ጠባብ ነው መቀመጫው፣ ጭኗን አይዝም ስፋቱ፤
በደንገል ተሰክቶ፣ መንገድ ዳር እንደሚሸጥ ቆሮሶ፣
እግሯ ቁልቁል ሊንጠለጠል፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ።
ሦስተኛው ደግ ነበር፤ ወፍራም የወገብ ቀበቶ፣
ሸክሙን ዳሌ ላይ የሚያሳርፍ፣ ከትከሻ አንስቶ፤
ዋጋውን ስትነግረኝ ግን በሆዴ አሰላሁት በመረብ፤
የሁለት ወር ቋጠሮ ነው፣ የስልሳ ቀን ድካምና ረሃብ።

ወዲያ ወዲህ ተራመድኩ፣ ሩዜን ታጥቄ።
ሩዝ አያለቅስም፤ አንገቱ ወደ ጎን አይዘምም፣
ሕልም አያባንነውም፣ በላብ ጆሮው አይጣበቅም፤
እንዳስቀመጡት የሚቀመጥ ልጅ፣ ማን ወልዶ ያውቃል?
«ነገ» አልኳት፤
ነገ፣ የማይገዛ ሰው ቃል።

በመንገዴ ሎሚ ሻጯን፣ ልጇን በነጠላ ያዘለችውን፣
«እንዴት ነው የምታስሪው?» አልኳት፣ አየሁና ቋጠሮውን።
«ወንድ ምን ያውቃል ቋጠሮ!» አለች፣ ለጎረቤቷ ዞራ፤
ጣቶቼን ኪሴ ከተትኩ፣ ተነሣሁ ከዚያ ስፍራ።

ቤት ስገባ፣ ከምስማሩ፣ የእናቴ አንቀልባ፣
ሽንኩርት ነው የሚቀመጥበት፣ ከበሩ ጀርባ።
ስንት ዓመት በዓይኔ አየሁት፤ ያን ቀን ግን በእጄ አየሁት፦
ቆዳው ሰፊ፣ ከጉልበት እስከ ጉልበት፣
ልጅን እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ የሚያደርጉበት።
የሰፋው ሰው፣ ስሙ ጠፍቷል፣ ክብደት የት እንደሚተኛ ያውቃል፤
ዛጎሉ ሦስት ቀርቶታል፣
ጠፍሩ ግን ደርቋል፤ ቢስቡት ይበጠሳል።

ሁለት ሌት በኑግ ዘይት አሸሁት፣ እስኪተነፍስ፤
ከጋራዥ የወንበር ቀበቶ ለመንኩ፣ ከወደቀ ሚኒባስ፤
ጥቁር፣ ሰፊ፣ ሥጋ ላይ የማይሰምጥ፤
በመረብ ክር ሰፋሁት፤ አምባዛ ታግሎት ያቃተውን የልጄ ርግጫ አይቆርጥ።
መቆለፊያው ከሆዴ ላይ፣ ባንድ አውራ ጣት የሚፈታ፤
«ቀጭ» ሲል አትባንንም፣ እንቅልፍ ከወሰዳት ማታ።

ረቡዕ በሐይቁ ዳር አዝያት ስወርድ፣ ባለባጃጁ ፍሬን ያዘ፣
«ወንድ ልጅ አዝሎ!» አለ፤ አፉ እንደተከፈተ ፈዘዘ።
ትንፋሿ ከማጅራቴ፣ ጉልበቷ ከጎኔ፤
አርባ ዓይን ሳልጠግን ተኛች፤
ሙቅ ነገር ወረደ፣ ከእሷ ወደ እኔ።
ማስተዋል ማታ ዛጎሎቹን ቆጠረች፤
«ለኔም ጠፍሩን አሳጥርልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ወጣች።

ሐሙስ ዘሀራ ጋ ሄድኩ፣ እፍረት ቢጤ ይዞኝ፣ አትጠገብ ከጀርባዬ፤
ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች፤
«በል ሩዙን ውሰድ» አለች፣ «ልጅህ አልነበር ወይ፣ ጌታዬ?»
ገዛሁት። እስከ ቤት ድረስ፣ ከየዘንባባው ሥር፣ ሦስቴ አሳረፍኩት፤
እሷን አንዴም አላወረድኳት።
በሚዛን እኩል ናቸው፤
መዳፌን ግን የፌስታሉ ጆሮ ቆረጠው።