ለካ

ጋሽ ይመር ድሬሰሩ፣ መርፌ ወጊው ሰው፣
ሐይቁን እንደ በሽተኛ ሊለካው አማረው።
መጀመሪያ ያመጣው የብብት መለኪያ፣
ከሠላሳ አምስት በታች የለው መቁጠሪያ፤
ነክሮ ቢያወጣው፣ ቢያራግፍ፣ ቢደግም፣
ሜርኩሪው ከሥሩ ፍንክች አላለም።
«ይኼ ሐይቅ» አለን፣ «ወይ ሞቷል፣ ወይ ጤነኛ፤»
እርጥብ ልብስ ለብሰን ዳር ቆመን ስንስቅ እኛ።

ኋላ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣ መሐንዲስ፣
ወባ ይዞት ከርሞ ነፍሱ ስትመለስ፣
ቀይ ፈሳሽ ያለበት ቀጭን ብርጭቆ
ለጋሽ ይመር ሰጠው ከሻንጣው ፈልቅቆ።
በዓሣ መረብ ክር አሰረው ከወገቡ፤
ደብተሩን ለእኔ ሰጠ፦ «ጦይባ፣ ጻፊ፤ አንቺ ነሽ ካቲቡ።»

ጻፍኩ።
ጥር አሥር፣ ማለዳ፦ ውሃው ሃያ፣ አየሩ ዘጠኝ።
ግንቦት ሁለት፣ ቀትር፦ ውሃው ሃያ ሦስት፣ አየሩ ሃያ ስምንት፤ ዝንቡ አስቸገረኝ።
ሐምሌ፣ ቀኑ ጠፍቶኛል፦ በረዶ ወረደ፣
ብርጭቆውን ትቶ ጋሽ ይመር ቤት ሄደ።

«ለዋና የሚስማማው» ይለናል በኩራት፣
«ውሃው ሃያ ስድስት፣ አየሩ ሠላሳ፤ ይኼ ነው ሥርዓት።
ከዚያ ከወረደ ጡንቻ ይኮማተራል፣
ከዚያ ከወጣ ደግሞ ልብ ይሰንፋል።»
ከየት እንዳነበበው አልጠየቅነውም፤
ብቻ በሐይቅ ምድር ሁለቱ ቁጥሮች ባንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም።
አየሩ ሲፈቅድ ውሃው ይለግማል፣
ውሃው ሲለዝብ የአምባሰል ንፋስ ይወርዳል፤
እንደ ተጣላ ጎረቤት አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።

እኛ ግን እንዋኛለን።
ሙሄ ከታንኳ ላይ በጀርባው ይወድቃል፣
የፈንታዬ ልጅ ሳሙና ይዛ ትገባለች፣
እኔ ቀሚሴን ቋጥሬ ቄጠማው እስከሚያልቅበት፣
እግሬ መሬት እስከሚያጣበት።
ጋሽ ይመር ከድንጋዩ አልተነሣም፣
ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልሰበሰበም።
ብንጠይቀው፣ «ቁጥሩ ገና ነው» ይለናል፤
ቁጥሩ ገና ነው፤ ክረምት ይመጣል፣ ይሄዳል።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ሐይቁ እንደ ድስት ይተናል፣ ሣሩ ላይ ነጭ ብርድ፤
ብርጭቆው ነግሮኝ ጨርሷል፦ ውሃው ሃያ፣ አየሩ ስምንት፣
ቀና ስል ካፖርቱን አጥፏል፣ ቆቡን ከላይ ደርቧል፣ በእርጋታ፣ እንደ መኝታ ቤት።
«ጋሽ ይመር፣ ስምንት ነው!» ብዬ ጮህኩበት፤
ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ ገባ፤ ቆመ ውሃው አንገቱ ጋ ሲደርስበት።
አልዋኘም። እጁንም አላወናጨፈም።
አሥራ አንድ ዓመት ለካ፣
ለካ አይችልም ዋና!

ግን ሳቀ።
«ይሞቃል፣ ጦይባ! የትላንትና ፀሐይ ናት እዚህ ውስጥ ያደረችው፣
እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ያመንኩት ይችን ቀጭን ብርጭቆ ነው!»

ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ሃያ ከስምንት ይበልጣል፤
መከራው መውጣት ላይ ነው፤ ንፋሱ እርጥብ ገላ ያውቃል።
ትከሻው ብቅ ሲል ያው ተመልሶ ይጠልቃል።
ሁለቴ ሞከረ፣ ሦስቴ። ፀሐይ ገና ከተራራው ማዶ ናት።
ሮጥኩ፤ እትዬ ዘሙን ቀሰቀስኳት።
መጣች እየተራገመች፣ አንድ እግሯ ያለ ጫማ፣
«አንተ ሽማግሌ!» ድምፅዋ እስከ ገዳሙ ተሰማ፤
በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች ከባድ የበግ ጠጉር ባና።
ወጣ።
ተጠቀለለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ጻፊ» አለኝ፣ «ጻፊ እንጂ ደህና!»

ደብተሩ ዛሬም አለኝ፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤
ብርጭቆው ከተሰበረ፣ ቀዩ ከፈሰሰ ብዙ ዓመት አልፎታል።
ከደሴ ለሽርሽር የመጡ፣ የእግራቸውን ጣት ነክረው የሚፈሩ፣
ይጠይቁኛል፦ «ውሃው ስንት ነው? መግባት ይቻላል? እንዴት ነው አየሩ?»
የዚያን ቀን ገጽ ገልጬ አነብላቸዋለሁ፦
ውሃው፣ ሃያ።
አየሩ፣ ስምንት።
ባናው፣ አልተለካም።