የሞተር ቁጥር

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ተኩል፣
መስኮት ሦስት፤ እኔ በውስጥ በኩል፣
አያ እንዳላማው ከመስታወቱ ማዶ፣
የሱሪያቸው ጫፍ በሐይቅ ውሃ ከብዶ።
«ታንኳዬን መዝግቢልኝ፤ ያልተመዘገበ
መረቡ ይወረሳል ተብሎ ተነበበ።»

ቅጹ ከአዲስ አበባ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ቋት፤
ከሞያሌ እስከ ሽምብጥ የሚያይ አንድ መስኮት።
ጣና ዳር ተቀምጬ ደመና እጠብቃለሁ፣
ክቡ ሲሽከረከር አብሬ እዞራለሁ።
«መረቡ ተቆራርጧል» አልኳቸው።
«አምጪው» አሉ፣ «ልጠግነው። መርፌ ይዣለሁ።»

ተከፈተ።

የሰሌዳ ቁጥር?
«የላትም።»
የሻንሲ ቁጥር?
ሳቁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም።
የተሠራበት ዘመን?
«ይቺ? በመጋቢት። የፊቷ በሰበሰች፣
የሷም ፊት እንዲሁ፣ ውሃ እየጠጣች።
ደንገል አይደል ልጄ? ስትከብድ እፈታለሁ፣
ሌላ አጭጄ፣ አስጥቼ፣ እንደገና አስራለሁ።»
የሞተር ቁጥር?
ሁለት ክንዳቸውን በመስኮቱ ስር አሾልከው አሳዩኝ።

ኮከብ ያለበት ሳጥን ባዶውን አያልፍም፤
ሰረዝ ብሰጠው ቀላ፣ ዜሮም አልጣመውም።

ሰዋገኝ ትዝ አለችኝ፣ የፖሊዋ ልጅ፤
ከአሳ ማኅበሩ መጋዘን፣ ከሚዛኑ ደጅ
ተቀምጣ የሠራቻት መተግበሪያ፣ «ዳርቻ»፦
ቀዩ ሥዕል ቆሮሶ፣ ጥቁሩ አምባዛ፣
ፊደል ያልቆጠረም ያውቃል ማን እንደሸጠ፣ ማን በዱቤ እንደገዛ።
ከሰዓት በደቅ በኩል ነፋሱ ሲነሣ
«ይቅርባችሁ ዛሬ፣ አያመልጥም አሳ»
ይል ነበር ስልኩ፣ በራሳቸው በአያ እንዳላማው ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።
የጀልባ ዓይነት ብላ ስትጠይቅ፣ ከሁሉ በላይ፣ አንደኛ፦
ታንኳ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ።
ግን የዛሬ ዓመት ሐምሌ የመጋዘኑ ጣራ አፈሰሰ፤
ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ግልባጭ የሌለው፣
የሰባ ሁለት ሰው ቁጠባ ባንድ ሌሊት ውሃ ጠጣ።
ሰዋገኝ አዳማ ሥራ ይዛ ሄዳለች፤
እንደሷ የሚያስር ሰው አልተገኘም።
የሺመቤት ስምንት ሺህ ብሯን ማን ይመስክርላት?
«መዝገቡ ረጥቧል» አሏት፣ ባጭሩ ቆረጡላት።

በዚያው ወር ደግሞ አንዲት ልጅ ከደልጊ መጣች፣
ቤታቸው ከነሰነዱ ነዶ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች።
ስሟን ጻፍኩ። ከሩቁ ቋት፣ ካላየሁት ክፍል፣
ከነአያቷ ብቅ አለች፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል።
አለቀሰች።
ያን ቀን እኔም ደመናውን ወደድኩት።

ከጀርባዬ ሐይቁ ነው።
ርብ ይገባል፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ፤
የሚወጣው አንድ ነው፤ ከጨረጨራ ወዲያ ጉማራን የሚጠራ አላይ።
ውሃው ግን አለ።
እሱን እያሰብኩ ደወልኩ።

«ዝርዝሩ ላይ ከሌለ የለም» አለኝ ልጁ፤ ድምፁ ግን ክፉ አልነበረም።
«ታንኳ ምንድን ነው እህቴ? ብረት ነው?»
«ሣር ነው» አልኩት።
ትንሽ ዝም አለ።
«ጽፈሽ ላኪው እስቲ፤ በሚቀጥለው ዙር...»
መስመሩ ተበጠሰ።

የአያ እንዳላማው ክንድ አሁንም መስኮቴ ላይ ነው፤
ከክርን እስከ ጣት የመቅዘፊያ ጠባሳ።
አየሁት፣ ቆጠርኩት፣ ጻፍኩ።
የሞተር ቁጥር፦ 2።
አረንጓዴ በራ።

ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱ፣ ውሃ እንዳይጠጣ።
«እስከ ነሐሴ ትበሰብሳለች» አሉ፤ «አዲሷን ሳስር እመጣለሁ።»
«ያኔስ ቁጥሩ?»
«ያኔም ሁለት ነው፣ እግዜር ካለ።»