ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ጠዋት ስንደርስ የበረዶ ቤቱ በር ተከፍቶ አድሯል፣
ከሥሩ የወጣው ውኃ እስከ ሚዛኑ ወርዷል።
ስድስት ሣጥን ኮድ ዓሣ ዓይኑ ፈዞ ጠበቀን፣
እርስ በርስ ተያይተን ዝም አልን።
ከዚያ አንዱ ጀመረ፦ "የማን ሥራ ነበር?"
ጥያቄው ዞረ እንደ ጉም፣ ከክላክስቪክ ሰማይ ሥር፣
ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይል "የኔ ነው"፤
ጉም መቼ ባለቤት አለው?

እኔ ኃላፊ ነኝ። ገና ስምንት ወሬ።
ቢሮ ወጣሁ፤ መሳቢያውን በርብሬ
የሁሉን የሥራ ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣
በእርሳስ ጫፍ እያሰመርሁ በሩን ፈለግሁ።
ሃኑስ "በመዝጋት ያግዛል" ይላል ወረቀቱ፤
ትሮንዱርም "ያግዛል"፤ ቤይኒርም እንደ ሁለቱ።
ሦስት አጋዥ። የሚታገዝ ግን የለም፤
"ይዘጋል" የሚል ቃል በአንዱም አልሰፈረም።

ከሁሉም ግርጌ ደግሞ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣
ያቺ የምናውቃት፦
"ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል።"
እኔው ነኝ የፈረምኩባት።
ምን የማይገባባት ጆንያ ናት!
ዓሣ ቆራጩ በረዶ ይጠርግባታል፣
ሂሳብ ያዡ ጀልባ ያስርባታል፣
የሰው ጀርባ ይጎብጥባታል።

ታዲያ እስከ ትናንት በሩን ማን ነበር የሚዘጋው?
ኦሉቫ ናት አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት። ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያየው።
ፈረቃዋ ሲያልቅ፣ ጓንቷን አውልቃ፣
እጀታውን ሁለቴ ስባ፣ አጥብቃ።
ወረቀቷ ግን "ማሸግ" ነው የሚለው። ማሸግ ብቻ።

ጠራኋት። ቁጭ በይ አልኳት። አልተቀመጠችም።
"የሥራ መደብ አለኝ" አለች፣ "መደቡ ግን አያስቀምጥም።
በመጋቢት ጽፌልሽ ነበር፣ አንድ ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ፦
በሩ የኔ ከሆነ ጻፉልኝ፣ ካልሆነም ልረፍ።
'እናየዋለን' አልሽኝ።
ቆይቼ ቆይቼ፣ እስክታዩት ብዬ ተውኩት።
ትናንት ማታ በአጠገቡ አለፍኩ። ክፍት ነበር። አየሁት።"

ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ።
ልቆጣ? በማን ልቆጣ?
ደብዳቤው እዚያው ነበር፣ ከቀን መቁጠሪያው ሥር፣
ሳይነበብ ከርሞ ነበር።
ኃላፊ! በኃ ቢጽፉትም፣ ጆሮ ሲሰማው አላፊ፤
በሰው ጭንቀት አጠገብ ኮቴውን ቀንሶ አላፊ።
"ልክ ነሽ" አልኳት። ሌላ የሚያምር ቃል አልመጣልኝም።
ስለ ዓሣውም አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ቦት ጫማ አድርጌ ወረድኩ፣
ከመቁረጫው እስከ ወደቡ ሳምንቱን ቆምኩ።
አላዘዝኩም። ጠየቅኩ ብቻ፦
"ይኼን ማን ነገረህ?" "ባትኖርስ?" "የቱ ይከብድሃል?"
ትሮንዱር ሳቀ፦ "ስንት ዘመን ለዚህ ጥያቄ አፌን ሲበላኝ ኖሯል!"
ሃኑስ ግን አልሳቀም። ቢላውን እየሳለ፣
"ዝርዝሩ ሲጠራ ደመወዛችንም ይጠራ ይሆን?" አለ።
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ጽፌ ይዣለሁ።

አርብ ማታ ረዥሙን ጠረጴዛ ከበን
"ያግዛል" የሚለውን አንድ በአንድ ሰረዝን።
መሃል ላይ ተጣላን። ቤይኒር ተነሥቶ ወጣ፣
በሩን ሳይዘጋው፤ ሁላችንም አየነው፤ ሳቅ መጣ።
እሱም ስቆ ተመለሰ።

አሁን በሩ የትሮንዱር ነው፤ እሱ ሲቀር የሃኑስ።
ኦሉቫ ገና አልፈረመችም፦ "አሥራ አንዱ ዓመትስ?"
አንገቴን ደፋሁ። ይኼንንም ጻፍኩት።
አሥራ አራተኛዋን ከሁሉም ገጽ አወጣኋት፣
አልጣልኳትም፤ ወደ ራሴ ዝርዝር ወሰድኳት፤
ከሥሯም በእርሳስ፦ "ደብዳቤ ሲደርሳት ትመልሳለች።"

ትናንት ደግሞ አንድ ልጅ፦ "ጀልባ በጉም ሲገባ
ደወሉን የሚደውል ማነው?" አለኝ። ሆዴ ባባ፤
በየትኛውም ወረቀት የለም።
አፌ "እና..." ብሎ ጀመረ። ምላሴን ነከስኩት።
"አላውቅም" አልኩት፤ "ሐሙስ፣ ረፋድ አራት ሰዓት።
እስከዚያ ደወሉ የኔ ነው።"

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቷል።
ገመዱ ይቀዘቅዛል።