የጆሮ ቁጥር

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ መጋዘን ቁጥር ሰባት፤
እኛ ዘንድ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልለት
ያ ብርድ እዚህ የለም። ቆርቆሮው ግሏል፤
ማራገቢያው ራሱ ያላበው ይመስላል።
ለመጽሐፍ አውደ ርዕዩ አምስት ቀን ቀርቶታል፤
ከአውስትራሊያ የመጣው ካርቶን ጣሪያ ነክቷል።

ቢጁ በቢላዋ ሆዱን ይቀደዋል፣
እኔ ዋጋ እለጥፋለሁ፤ ከጀርባው፣ ከታች፣ በስተቀኝ ጥጉ ላይ፤
«የደራሲው ፎቶ እንዳይሸፈን» ብሎናል አለቃው፣ «ከሁሉም በላይ!»
ስልሳ አምስት ድርሃም። ሰባ። ዘጠና።
የእኔ የቀን ዋጋ ከልቦለድ ያንሳል፣
ከግጥም ግን ይበልጣል፤ ግጥም ቀጭን ነውና።

ሁሉም አዲስ ናቸው፤ ቀለማቸው ገና ይሸታል።
አንዱ ስለ ሰደድ እሳት፣ አንዱ ስለተቀማ መሬት ያወራል፤
አንዷ ዕንቁ ፍለጋ ብሩም ባሕር ስለቀረ ጠላቂ ጽፋለች፤
የዚህ ዳርቻ ሰዎችም ዕንቁ ጠላቂ እንደነበሩ ታውቃለች?
አንዱ ደግሞ ጎረምሳ፣ ፂሙን ያልጨረሰ፣
እናቱን ቀብሮ ሦስት መቶ ገጽ ያለቀሰ።
እንግሊዝኛዬ የአስረኛ ክፍል ነው፣ የከሚሴ፤
የጀርባውን አነባለሁ፣ የውስጡን እሞላለሁ በራሴ።

ከዚያ አንዱ ወጣ።
ሽፋኑ ላይ ሰው የለም፤ ጆሮ ብቻ፣ የበግ ጆሮ፣
ቢጫ ፕላስቲክ ተሰክቶበት፣ ቁጥር ተደርድሮ።

ልጣፉ እጄ ላይ ቀረ።

ከዚህ በፊት ኩዌት ነበርኩ፤ ስድስት ዓመት፣ አንድ ቤት።
ለአረፋ በግ ይመጣል፣ በመርከብ፣ ከነሕይወቱ፤
«አውስትራሊ» ትለዋለች እመቤቴ፤ ላት የለው፣ ዋጋው ቅናሽ፣
ከአገሩ በግ ጎን ሲያቆሙት እንደኔው አናሽ።
አገራቸውን የማውቀው በዚያ ነው፤
ጭንቅላቱን ሳጥብ፣ ከጆሮው ቢጫዋን ስነቅል።
አንዷን አልጣልኳትም፤ ከሻንጣዬ ዚፕ ላይ አሰርኳት፤
ቁጥሯን እንደ ቤቴ ስልክ በቃሌ ያዝኳት።

መጽሐፉ ልቦለድ አይደለም።
የጻፈችው የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ሃያ ሁለት ቀን
ከበጎቹ ጋር መርከብ ላይ ያደረች፤
ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ ቆሞ እንዳንቀላፋ፣
የሙቀቱን ልክ በየሰዓቱ የመዘገበች።
ከምሳዬ አሥር ደቂቃ ሰርቄ
መጨረሻውን ከፈትኩ። (መጽሐፍ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፤
እንደሚያልቅ ካላየሁ አልነካውም።)

መርከቡ ሹዌይክ ይደርሳል። በሩ ይከፈታል።
በጎቹ ይወርዳሉ። አቧራ። ፀሐይ።
«ከዚህ በኋላ ያለውን አላየሁም» ትላለች።
ነጭ ገጽ።
ከዚያ ምስጋና፤ ለባሏ፣ ለአርታኢዋ፣ ለውሻዋ።

እውነትሽን ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም።
እኔ ግን እዚያ ነበርኩ፣ ከነጩ ገጽ ወዲያ፤
የአረፋ ዋዜማ፣ ሌሊት፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፤
ታስሮ፣ ጎድኑ እየተርገበገበ፣ አልጠጣ አለኝ።
በምን ቋንቋ ልለምነው?
በአማርኛ «ጠጣ» አልኩት። በዐረብኛ «ኢሽረብ»።
በመጨረሻ በዚያች በአስረኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣
ቀስ ብዬ፣ እንደ ፈተና፣ «ድሪንክ»።

ጠጣ።

ጠዋት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።
ማታ ሃምሳ ሳህን አጠብኩ፣ ሞራው ከእጄ አልለቅ ብሎ።

«ዘምዘም!» ይላል ቢጁ፣ «ያኛው ረድፍ ቀረ!»
ለጠፍኩ፤ ከታች፣ በስተቀኝ፣ ሰባ ድርሃም፤
ሁለት መቶ አርባ ጊዜ።
አንዱ ቅጂ ላይ ብቻ፣ ነጩ ገጽ ላይ፣
ባዶ ልጣፍ ጨመርኩ፤ የሻንጣዬን ቁጥር ጻፍኩበት፣
ከሥሯም በአማርኛ፦ ጠጥቷል።

ማን እንዳነሳው አላውቅም፤ አዳራሹን በጓሮ በር ነው የማውቀው።
ያልተሸጠው ግን፣ ቢጁ እንደነገረኝ፣
ወደ አገሩ ይመለሳል፣ በመርከብ፣ በዚያው ባሕር።
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ
ያ መጽሐፍ እንዳይሸጥ ዱዓ አደረግሁ።